የምንቀዳው ቤንዚን እዚያው ፓምፑ ሥር ይፈተሽልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴና በኮምቦልቻ ሞተር ሳይክል የምናሽከረክርና የምንጠግን ሰዎች ነን። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ስለ ቤንዚን ዋጋ ወይም ስለ ሰልፉ ርዝመት ለማማረር አይደለም፤ ስለዚያ ብዙ ተብሏል። የኛ ጥያቄ ተሰልፈንና ከፍለን ሰልባቲዮ (የሞተሩ ቤንዚን መያዣ) ውስጥ ያስገባነው ነገር በእርግጥ ቤንዚን ብቻ ነው ወይ የሚል ነው። በሁለቱም ከተሞች ያሉ ጋራዦች በደንብ የሚያውቁት ነገር አለ። ቤንዚን ጠፍቶ ሰንብቶ በመጣ ማግስት የሚቆራረጥ፣ ጠዋት አልነሳ የሚል፣ ዳገት ላይ የሚንኳኳ ሞተር ይበዛል። ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ መፈተሻ መሣሪያውም ውድ አይደለም። የምንለምነው ፍተሻው ገዢው በዓይኑ በሚያየው ቦታ፣ ፓምፑ ሥር እንዲደረግ ነው።

ማደያ ውስጥ ቤንዚን የሚቀመጠው መሬት ውስጥ በተቀበረ ታንከር ነው። የፓምፑ መሳቢያ ቱቦ ጫፉ ወለሉን አይነካም፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይቆማል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ዝገትና ደለልም እዚያው ይዘቅጣል። ታንከሩ ሞላ ብሎ በሚሠራበት ወቅት ይህ ዝቃጭ ቦታውን ይዞ ስለሚቆይ ማንንም አያስቸግርም። ችግር የሚመጣው በእጥረት ጊዜ ነው። ማደያው ያለውን እስከ መጨረሻው ሲሸጥ መሳቢያው ወደ ዝቃጩ ይጠጋል፤ ጋኑ ሲያልቅ ጠላው ከነአተላው እንደሚቀዳው ነው። ከዚያ ቦቴው ይደርስና ባዶ በቀረው ታንከር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሊትር ሲለቅበት ከሥር የተኛው ሁሉ ይነሣል። ደጅ ላይ ያለው ሰልፈኛ ደግሞ ያደረ ስለሆነ፣ ታንከሩ ሳይረጋ መቅዳት ይጀመራል። በሰልፉ ግንባር የቆመው ሰው፣ ማለትም ከሁሉ በላይ የደከመው፣ በጣም የተበጠበጠውን ይዞ ይሄዳል።

በክረምት ይብሳል። የታንከሩ መሙያ ክዳን ያለበት ጉድጓድ ጎርፍ ሲያቁርና የክዳኑ ጎማ ያረጀ ሲሆን፣ ውሃው በቀጥታ ወደ ታች ይገባል። የሐምሌና የነሐሴን የደሴ ዝናብ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚከርም ታንከርም እርጥብ አየር እየሳበ ግድግዳው ላይ ላብ ያወጣል።

ለምን ሞተር ሳይክል ቀድሞ ይጎዳል? መኪና 40 እና 50 ሊትር ይይዛል፤ ትልቅ ፊልትሮም አለው። ሞተር ሳይክል ብዙውን ጊዜ የሚቀዳው ከ3 እስከ 8 ሊትር ነው። አብዛኞቹ እዚህ ያሉት፣ ቦክሰርም ይሁን ቲቪኤስ ስታርም ይሁን የግብርና ባለሙያዎች የሚነዱት ያማሃ፣ ፓምፕ የላቸውም። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወርዶ በትንሽ ወንፊት አልፎ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይገባል። የካርቡሬተሩ ማጠራቀሚያ የሚይዘው በአሥራዎች የሚቆጠር ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ሳይታወቅ የሚያልፍ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ የሞተር ሳይክልን ካርቡሬተር ሥሩን ይሸፍነዋል፤ ቤንዚን መጥኖ የሚያሳልፈው የዋናው ጂግለር ቀዳዳ ያለው ደግሞ እዚያው ሥር ነው።

ውሃ የገባበት ሞተር ምልክቱ አይጠፋም። ከማደያው ሲወጣ ደህና ይሄዳል፤ ምክንያቱም የሚያቃጥለው ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን የቀድሞውን ቤንዚን ነው። አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ይቆራረጣል፣ ማርሚታው ይተኩሳል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሲመቱት ይነሣል፤ ቤንዚን ሲሰጡት መልሶ ይሞታል። በዚህ ጊዜ ካንዴላ (እሳት የሚሰጠውን) መፍታትም ሆነ ሽቦ መነካካት አያስፈልግም። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቁ፣ አጠገባችሁ የሚያጨስ ሰው አይኑር። ሩቢኔቱን (ከሰልባቲዮው ሥር ያለውን የቤንዚን መዝጊያ) ዝጉና ካርቡሬተሩ ሥር ከታች በኩል ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ፈልጉ። ንጹሕ የብርጭቆ ዕቃ ከሥሯ አድርጉና በካቻቪቴ አላሏት፤ አንድ ዙር ይበቃል። የሚወርደው አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያዙት። ጥሩ ቤንዚን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። ውሃ ካለበት ከሥር ክብ ክብ ሠርቶ ይንከባለላል፤ ብርጭቆውን ስታዘነብሉት ከቤንዚኑ ጋር ሳይዋሃድ ለብቻው ይንሸራተታል። የምታዩትን ከተጠራጠራችሁ አንድ ጠብታ ንጹሕ ውሃ ጨምሩበት፤ ወርዶ ከሥረኛው ጋር አንድ ከሆነ ያ ውሃ ነው።

ከዚያ ብሎኗ እንደተላላች ሩቢኔቱን ከፍታችሁ አንድ 100 ሚሊ ሊትር ያህል አፍስሱና አጥብቋት። አሁንም ውሃ ከመጣ ችግሩ ካርቡሬተሩ ብቻ ስላልሆነ ሰልባቲዮው መራገፍ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሩቢኔቱ መደበኛው ቦታ ላይ ሲሆን ቤንዚን የሚገባው ከሰልባቲዮው ወለል ከፍ ባለ ቱቦ በኩል ነው፤ ሪዘርቭ ላይ ሲሆን ግን ከወለሉ ይስባል። ስለዚህ ውሃው ለሳምንታት ሰልባቲዮው ሥር ተኝቶ ቆይቶ፣ ቤንዚን ያለቀ ዕለት ሪዘርቭ ሲደረግ ድንገት ይመጣል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው የዛሬው ማደያ ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን የዛሬ ወሩ ማደያ ሊሆን ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ሪዘርቭ ላይ አድርጎ ጥቂት ማፍሰስ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ጂግለር ሲደፈን በሽቦ መውጋት ይብቃ። ትንሿ ጂግለር ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ሽቦ ያሰፋታል፣ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ቤንዚን ይበላል። በካርቡሬተር ማጽጃ አርሶ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ነው። ቱቦ በአፍ ስቦ ቤንዚን ማውጣትም እንዲሁ ይቅር፤ ወደ ሳንባ የገባ ቤንዚን ሰው ይገድላል።

ውሃ በብርጭቆ ይታያል። ላምባና ናፍጣ ግን ከቤንዚን ጋር ተዋህደው ስለሚጠፉ ዓይን አያገኛቸውም። ሁልጊዜ ተንኮል ነው አንልም። ቦቴው ቀድሞ የጫነው ናፍጣ ክፍሉ ውስጥ ወይም ቱቦው ውስጥ ተርፎ ሊሆን ይችላል፤ ሲራገፍም ቱቦው በስህተት የሌላ ታንከር አፍ ላይ ሊሰካ ይችላል። ሆን ብሎ የሚቀላቅልም አለ። ለሞተሩ ግን ሁሉም አንድ ነው። ላምባ መፍላት የሚጀምረው 150 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ በቀላሉ አይተንም፤ ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ጠዋት ቅልቅሉ ያለበት ሞተር ለመነሣት ያስቸግራል። ሲነሣ ላምባ ላምባ የሚሸት ነጣ ያለ ጢስ ያወጣል፣ እስኪሞቅም ይንተፋተፋል። ያልተቃጠለው ላምባ በፒስተኑ ፋሻ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች የሚይዙት ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ 100 ሚሊ ሊትር ላምባ ሲገባበት ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ተበረዘ ማለት ነው። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ ስታዩ ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ካለ፣ ከቀጠነና ነዳጅ ከሸተተ፣ የመቀየሪያ ጊዜው ባይደርስም ዛሬውኑ ይቀየር። በሁለት ስትሮክ ሞተር ላይ ጉዳቱ ፈጣን ነው፤ ላምባ የቤንዚኑን ኦክቴን፣ ማለትም ሳይንኳኳ የመቃጠል አቅሙን፣ ስለሚያወርድ ሞተሩ ይንኳኳል፤ መንኳኳቱ ከቀጠለ ፒስተን ይበሳል።

መንኳኳቱን በተመለከተ የኛ አካባቢ አቀማመጥ ሰው ያሳስታል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ይቀንሳል፤ ኦክቴኑ የወረደ ቤንዚንም ሳይንኳኳ ይነዳል። ያው ቤንዚን ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ይልቁንም በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ቆላ ሲወርድ፣ ጭነት ባለበት ቀጭን የብረት ድምፅ ማሰማት ይጀምራል። ከኮምቦልቻ ሰው አፈናጦ ሐረጎን ሲወጣ ከታች ተንኳክቶ ወደ ደሴ ሲቃረብ ዝም የሚል ሞተር አለ። ዳነ ማለት አይደለም፤ ቤንዚኑም አልተለወጠም። ስለዚህ «ደሴ ላይ ደህና ነበር» የሚለው ክርክር ማደያውንም ነጂውንም ነጻ አያወጣም።

በተቃራኒው ደግሞ ካንዴላ ጥቁር ሆነ ተብሎ ማደያ መክሰስ አይገባም። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደሴ ላይ ቤንዚን ስለሚበዛበት ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። ዋናውን ጂግለር በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ማሳነስ ይበቃዋል፤ ሁልጊዜ ወደ ቆላ የሚመላለስ ሰው ግን ይህን አያድርግ፣ እዚያ ቤንዚኑ ያንስበትና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ፊልትሮው ላይ ቀይ የዝገት ብናኝ ብቻ ከተገኘም መጀመሪያ የራሳችሁን ሰልባቲዮ ውስጡን በባትሪ እዩ። የካንዴላው ነጭ ሸክላ ደማቅ ብርትኳንማ ወይም የጡብ ቀለም ከያዘ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኦክቴን ለማሳደግ ብረትነት ያለው ተጨማሪ የገባበት ቤንዚን የሚተወው ምልክት ነው። ይህን ካንዴላ አትጣሉት፣ ለማስረጃ ይቀመጥ።

በመንገድ ዳር በሃይላንድ ስለሚሸጠው ቤንዚን ሳንናገር ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። በዘይት ጀሪካን የከረመ፣ ፀሐይ የመታው፣ ከማን እጅ እንደመጣ የማይታወቅ ቤንዚን ነው። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረውን የምግብ ዘይት ያሟሟል፤ ሲከርም ቀላሉ ክፍል ይተንና የሚያጣብቅ ሙጫ ይቀራል። ያንን የቀዳ ሰው በማግስቱ ማደያ ሄዶ ቢጮህ ሰሚ የለውም፤ መኖርም የለበትም። ግን ይህ ገበያ የሚያድገው ማደያው ሲደርቅ ስለሆነ ቁጥጥሩ አንዱን ይዞ ሌላውን ቢተው አይሠራም።

አሁን ወደ ፍተሻው እንምጣ። የመጀመሪያው የወረቀት ፍተሻ ነው። የመቅጃውን አፍ በጨርቅ ጠርጎ ንጹሕ የማጣሪያ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ማንጠብጠብ ነው፤ ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት ዓይነት ወረቀት ይሻላል፣ የደብተር ወረቀት ጥሩ አይደለም። ንጹሕ ቤንዚን በሁለት ደቂቃ ገደማ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል። ላምባ ወይም ናፍጣ ካለበት ጠብታው ያረፈበት ቦታ ቅባታማ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት ብርሃን ያሳልፋል። ሁለት ማሳሰቢያ አለን። በብርዳማ የደሴ ጠዋት መትነኑ ስለሚዘገይ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ቤንዚኑ ቀለም የተጨመረበት ከሆነ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቀለም ሊቀር ይችላል፤ ቅባት እስካልሆነ ድረስ ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው የእፍጋት (የአንድ ሊትር ክብደት) ልኬት ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ረጅም የብርጭቆ ሲሊንደር፣ ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ እፍጋቱን የሚያሳይ ሃይድሮሜትርና ቴርሞሜትር ይበቃል። ቤንዚን በ15 ዲግሪ ሙቀት በሊትር ከ0.72 እስከ 0.775 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ናፍጣ ከ0.82 በላይ ነው፣ ላምባ በመካከላቸው ነው። ቤንዚኑ 0.740 ሆኖ 0.800 የሆነ ላምባ 20 በመቶ ቢገባበት ልኬቱ 0.752 ይሆናል። 0.840 የሆነ ናፍጣ 10 በመቶ ቢገባበት ወደ 0.750 ይወጣል። ጥሩ ሃይድሮሜትር ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሙቀቱን በመርሳት ነው። ቤንዚን ሲሞቅ ይቀላል፤ ለአንድ ዲግሪ 0.0009 ያህል ይወርዳል። በ15 ዲግሪ 0.740 የነበረ ቤንዚን በቀትር ኮምቦልቻ 27 ዲግሪ ላይ ሲለካ 0.729 ማሳየት አለበት። እዚያ ሙቀት ላይ 0.740 ካሳየ «ልክ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ወደ 15 ዲግሪ ሲመለስ 0.751 ነውና መጠርጠር ይገባል። ለዚህ ነው ቴርሞሜትር የሌለው ልኬት ዋጋ የለውም የምንለው።

እፍጋት ሁሉንም ይይዛል አንልም። ቀላል ማሟሟያ ከከባድ ጋር አመጣጥኖ የቀላቀለ ሰው ሃይድሮሜትሩን ሊያታልል ይችላል፤ ኦክቴኑንም አያሳይም። እሱ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ሆኖም ወረቀቱና ሃይድሮሜትሩ ተደምረው ተራውን ብረዛ ይይዛሉ። ቦክሰሩም አፓቼውም በሚመጡበት በሕንድ አገር ማደያዎች ገዢ ሲጠይቅ ሁለቱንም ፍተሻዎች ማሳየት አለባቸው፤ ልኬቱ በርክክብ ሰነዱ ላይ ካለው ከ0.003 በላይ ከተለየም ያስጠይቃል። እኛ ጋ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ ማደያዎቹን የምንጠይቀው ይህን ነው። በየጠዋቱ ሽያጭ ከመጀመሩ በፊት ታንከሩ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት በተቀባ ዘንግ ይለካ፤ የተገኘው የውሃ ከፍታ በሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ቦቴ ካራገፈ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይቀዳ ይቆይ። ሰልፈኛው ይቆጣል፣ እናውቃለን፤ ምክንያቱ ከተነገረው ግን ይታገሣል፣ እኛም አብረን እናስረዳለን። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ፓምፕ የመጀመሪያዎቹ ሊትሮች በብረት ዕቃ ተቀድተው ይታዩ። ከየቦቴው አንድ ሊትር ናሙና ታሽጎ እስከሚቀጥለው ቦቴ ይቆይ። የርክክብ ሰነዱ ላይ ያለው እፍጋት ገዢ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። የፓምፑ ፊልትሮ የተቀየረበት ቀንም ፓምፑ ላይ ይጻፍ። ታንከሩ እስከ ወለሉ ድረስ ተሟጦ አይሸጥ፤ ይህ የመጨረሻው ለማደያው ገቢ እንደሚከብድ ይገባናል፣ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

የሁለቱ ከተሞች ንግድ መምሪያዎችና የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በ2017 ዓ.ም ስለ ነዳጅ ውጤቶች ግብይት የወጣው አዋጅ በእጃቸው ነው። ቁጥጥራቸው ገበያው በረጋበት ቀን መሆኑ ቀርቶ እጥረት በተፈታ ማግስት ይሁን፤ ብልሽቱ የሚገኘው ያን ዕለት ነው። ሲመጡም 20 ሊትር የሚይዘውን የመፈተሻ ዕቃ ይዘው ቢመጡ ልኬቱንም በዚያው ያያሉ። በዓለም አቀፉ የመለኪያ መመሪያ ለነዳጅ ፓምፕ የሚፈቀደው ስህተት 0.5 በመቶ ነው፤ በ20 ሊትር ላይ 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው።

ለሞተረኛ ወንድሞችና እህቶች፦ አቤቱታ ያለ ማስረጃ ከአፍ አያልፍም። በቴሌብር የከፈላችሁበትን መልእክት አታጥፉ፤ ቀኑና ሰዓቱ እዚያ አለ። ቤንዚኑ አጠራጣሪ ከሆነ ቀጂው ከዚያው ፓምፕ መሬት ላይ በተቀመጠ የብረት ዕቃ ሁለት ግማሽ ግማሽ ሊትር ናሙና እንዲቀዳላችሁ ጠይቁ፤ በፕላስቲክ አይሁን፣ እየተቀዳ ሳለ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። ሁለቱም ክዳናቸው በፕላስተር ይታሸግ፤ የማደያው ስም፣ የፓምፑ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሁለታችሁ ፊርማ ይጻፍባቸው። አንዱ ማደያው ጋ ይቅር፣ ሌላው ወደ ንግድ መምሪያ ይሂድ። ከሰልባቲዮ የወጣ ናሙና ብቻውን አይበቃም፤ ማደያው «ከሌላ ቦታ የቀዳኸው ነው» ሊል ይችላል፤ አባባሉም ትክክል ሊሆን ይችላል።

ሃይድሮሜትር ገዝቶ አጠቃቀሙን የሚያሳየው ሰው የፈለገ ማደያ ካለ፣ ከመካከላችን ሥራውን የምናውቅ መካኒኮች ያለ ክፍያ መጥተን ለቀጂዎቹ ለማሳየት ዝግጁ ነን። ደሴም ኮምቦልቻም እንመጣለን፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ ሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎችና መካኒኮች